ዛንዚባር ላይ ስኖርክል የት ይሻላል? ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ጨረቃዋን እዩ

በዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ ያለችው ጃምቢያኒ የደረስኩት ማታ ነበር። ጠዋት ተነሥቼ መነጽሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ እግር ላይ የሚጠለቁትን መቅዘፊያዎች፣ ፊኖቹን፣ በብብቴ ሸጉጬ ብወጣ ባሕሩ የለም። ሌሊቱን ከበረንዳው ሥር ሲንቦጫረቅ የሰማሁት ውሃ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሸሽቶ ከሩቅ ነጭ ክር መስሏል። በቦታው የቀሩት እርጥብ አሸዋ፣ በጎናቸው የተጋደሙ ጀልባዎችና ጎንበስ ብለው የባሕር አረም የሚሰበስቡ ሴቶች ናቸው። አንዷ ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። ወዲያው ጎረቤቷም ሳቀች። ምን ይፈረድባቸዋል፤ እኔም ብሆን እስቃለሁ።

ዋና የተማርኩት ላንጋኖ ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፣ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይበትም። ግን ትናንት የነበረበት ቦታ ዛሬም አለ። ባሕር እንዲህ ተነሥቶ ይሄዳል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከሐይቅ አገር ለሚሄድ ሰው ነው። ስኖርክል ማለት ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ፣ በቱቦ እየተነፈሱ፣ ከላይ ተንሳፍፎ የባሕሩን ውስጥ ማየት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ዛንዚባር በቀጥታ ይበራል። ደርሶ የተመለሰ ሁሉ ደግሞ «ምኔምባ የምትባለው ደሴት እንዳታመልጣችሁ» ይላል። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ግን በየትኛው ቀን? በስንት ሰዓት? ከየት ተነሥቶ? አንዱ ቦታ ጠዋት ገነት ሆኖ ከሰዓት ገበያ ይሆናል። ሌላው በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ጭራሽ ውሃ የለውም። ስለዚህ ቦታ ከማወዳደሬ በፊት ስለ ሰዓት ላውራ።

ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆንና ጨርሳ ስትጠፋ፣ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ ይህን ሰሞን «ባምቩዋ» ይሉታል። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ በጣም ይቀንስና ውሃው ረጋ ይላል።

በጭንቅላት ለመያዝ እንዲህ አድርጉት። በባምቩዋ ሰሞን ባሕሩ የሚሸሸው ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ ነው፣ የሚሞላው ደግሞ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ። በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ይገለበጣል፤ ረፋዱ ላይ ይሞላል። ይህ ለግምት ነው። የዕለቱን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ብዙ ሆቴሎችም ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል።

በዋና ብዙ የማይተማመን ሰው የግማሽ ጨረቃን ሳምንት ይምረጥ። ውሃው ያን ያህል አይጎትትም። ሌላም ነገር አለ። ባሕሩ እየሞላ ሲመጣ የሚገባው የውጭው ጥርት ያለ ውሃ ነው። እየሸሸ ሲሄድ ግን የዳሩን አሸዋና ደለል ይዞ ነው የሚወጣው። ሊሞላ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ውሃ ውስጥ ከገባችሁ ጥርት ያለውን ውሃ ታገኛላችሁ።

ስለ ሰዓት ካነሣን አይቀር፣ እዚያ እኛን የሚያኮራን አንድ ነገር አለ። የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደ እኛው ነው። «ሳአ ምቢሊ» ካሏችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ አለቀ። ፈረንጆቹ ሲደናገሩ እናንተ ትስቃላችሁ። ወጥመዱ ሻጩ እንግዳ መሆናችሁን አይቶ በፈረንጅ ሰዓት ሲነግራችሁ ነው። አንዱ «ነገ በስምንት» አለኝ፣ በእንግሊዝኛ። እኔ በለመደ አእምሮዬ ከምሳ በኋላ መስሎኝ ተንደላቅቄ ቁርሴን ስበላ ጀልባው ሄደ። ገንዘቡም አብሮት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሰዓት የምጠይቀው በስዋሂሊ ብቻ ነው።

ወቅቱም ያው ወሳኝ ነው። የእኛ ክረምት እዚያ ደረቅና ነፋሻ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው «ኩሲ» ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚመጣ የምሥራቁን ዳርቻ ያናውጠዋል፤ ምዕራቡ ይከለላል። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ይዛችኋቸው የምትሄዱ ከሆነ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ አድሉ። ለገና የሚሄድ ሰው የሚያገኘው «ካስካዚን» ነው፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን። ያኔ ሞቃት ነው፣ ውሃውም ገንዳ ውስጥ የገባችሁ እስኪመስል ይለሰልሳል፤ የሰሜኑ ጫፍ ግን አንዳንድ ቀን ሞገድ ይበዛዋል። ለፋሲካ ለመሄድ ያሰበ ሰው ደጋግሞ ያስብ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ድረስ ትልቁ ዝናብ ነው፣ ስሙም «ማሲካ»። ፋሲካ ማሲካ ላይ ነው የሚወድቀው ማለት ነው። ሆቴሉ ይረክሳል፣ ባሕሩ ይደፈርሳል።

ምኔምባ፦ ከማቴምዌ ወይስ ከኑንግዊ?

ሁሉም የሚያወራላት ምኔምባ በሰሜን ምሥራቅ፣ ከዋናው ደሴት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ትንሽ ክብ ደሴት ናት። ራሷ ደሴቷ የግል ሎጅ ያረፈባት ስለሆነች ማንም ተነሥቶ አይወርድባትም። ለእኛ የሚጠቅመን ዙሪያዋ ያለው ኮራል ነው፣ ትንንሽ የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሰል ነገር። ርዝመቱ 7፣ ስፋቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2002 ጀምሮ የጥበቃ ክልል ተብሏል፣ ለመግባትም ክፍያ አለው። ክፍያው ከጉዞው ዋጋ ጋር ተጠቃሎ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መሐል ባሕር ላይ «እሱ ለብቻው ነው» መባል ደስ አይልም።

አብዛኛው ሰው የሚነሣው በሰሜኑ ጫፍ ሆቴሎች ከበዙባቸው ከኑንግዊ ወይም ከኬንድዋ ነው። በእንጨት ጀልባ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቁርስ ተበልቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ጉዞ ተጀምሮ ስትደርሱ 4 ወይም 5 ሰዓት ይሆናል። ሌላው ጀልባ ሁሉ የሚደርሰውም ያኔ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት እንዲህ ነበር። ውሃ ውስጥ ከዓሣው ይልቅ የሰው እግር በዛ። አንድ ሰው በፊኑ ግንባሬን መታኝ፣ ይቅርታ እንዳይለኝ አፉ ውስጥ ቱቦ አለ።

በሁለተኛው ጉዞዬ ከማቴምዌ ተነሣሁ። ማቴምዌ ከምኔምባ ፊት ለፊት ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ በጀልባ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከዳር ለቀን 1 ሰዓት ላይ ውሃ ውስጥ ነበርን። ሁለት ጀልባ ብቻ። ፊቴን ውሃው ውስጥ ደፍቼ መጀመሪያ ያስተዋልኩት የማየውን ሳይሆን የምሰማውን ነው። ከሁሉም አቅጣጫ ፈንድሻ ሲፈነዳ ዓይነት ድምፅ ይመጣል። ኮራሉ ውስጥ የተደበቁ ትንንሽ ሽሪምፖች ጥፍራቸውን ሲያጮሁ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ድምፅ፣ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው አጠገባችሁ የተቀመጠ ይመስል። ፓሮት ፊሽ የሚባለው አረንጓዴና ሮዝ ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ እየፋቀ ነው። የፋቀውን ፈጭቶ በኋላው በኩል ነጭ አሸዋ አድርጎ ይለቀዋል። ከሥሬ አንዱ ሲለቅ አየሁት፤ እንደ ዱቄት ብን ብሎ ወረደ። ከምንተኛበት ነጭ አሸዋ ምን ያህሉ የዚህ ዓሣ ሥራ እንደሆነ ባታስቡት ይሻላል።

3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጀልባዎቹ ከሰሜን መጉረፍ ጀመሩ። እኛ እየወጣን ነበር።

ማቴምዌ አንድ እክል አላት። በባምቩዋ ሰሞን ረፋዱን ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባው አሸዋ ላይ ይቀመጣል። በእግራችሁ ብዙ መሄድ ወይም እስኪሞላ መጠበቅ ነው። እንግዲህ ወይ ገና በንጋት መውጣት፣ ወይ የግማሽ ጨረቃን ሳምንት መምረጥ። ኑንግዊና ኬንድዋ ይህ ችግር የለባቸውም፤ እዚያ ባሕሩ ብዙም ስለማይርቅ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። ግን ከዳር ገብቶ ስኖርክል ለማድረግ ኑንግዊ ያን ያህል አይደለችም። ዋናዋ፣ ጭፈራዋና ጀንበር ስትጠልቅ የምታሳየው ነገር ነው የሚወደደው። እሱም ቢሆን ለአንድ ሁለት ቀን።

ቹምቤ፦ ውድ ነው፣ ግን ሌላ ነገር ነው

አንድ ቀን ብቻ ያላችሁና ገንዘቡ የማያሳስባችሁ ከሆነ የምኔምባን ነገር ተዉትና ቹምቤ ሂዱ። ከአሮጌው ከተማ ከስቶን ታውን በስተደቡብ ያለች አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ደሴት ናት። በ1904 የተሠራ የመብራት ማማ አላት። ኮራሏ ከ1994 ጀምሮ ዓሣ ማጥመድ የተከለከለበት ክልል ነው፣ የሚጠብቀውም የግል ድርጅት ነው። በጊዜው ይህ በዓለም አዲስ ነገር ነበር። ከድሮ ዓሣ አጥማጆች መካከል ጠባቂ ሆነው የተቀጠሩ አሉ፣ የአገሬው ተማሪዎችም እየመጡ ባሕሩን እንዲያዩ ይደረጋል። አብዛኛው የደሴቱ ልጅ ባሕር ዳር አድጎ ፊቱን ውሃ ውስጥ ደፍቶ አያውቅም። የእኛ የጣና ልጅ ከዚህ በምን ይለያል?

ልዩነቱ ገና ከጀልባው ሳትወርዱ ይታያችኋል። ምኔምባ ላይ ብዙ ሰው የረገጠው፣ መልሕቅ የወደቀበት የተሰባበረ ኮራል ታያላችሁ። ቹምቤ ላይ ኮራሉ እንደ ጎመን ተደራርቦ፣ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ አውጥቶ ሙሉ ነው። ከ400 በላይ የዓሣ ዝርያ ተመዝግቦበታል። እንግዶች የአየር ሲሊንደር አዝለው መጥለቅ አይፈቀድላቸውም፣ ስኖርክል ብቻ። እንዲያውም ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ከላይ ተንሳፍፋችሁ ሁሉንም ታያላችሁ። ማታ ካደራችሁ ደግሞ በዓለም ትልቁ የየብስ ሸርጣን ከጫካው ወጥቶ ሲንጎማለል ታገኙታላችሁ።

የሚያርፉባቸው ጎጆዎች 7 ብቻ ናቸው። ደርሶ መልስ የሚሄድ እንግዳ የሚቀበሉት ቦታ ሲኖር ነውና ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋው ያስደነግጣል፤ እኔ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። ተመልሼ ስመጣ ግን ያልቆጨኝ ወጪ እሱ ብቻ ነበር። ምዕራብ በኩል ስለሆነም ኩሲ ሲነፍስ ከምኔምባ ይልቅ የተረጋጋ ነው።

ከቤተሰብ ጋር ከሆነ ፉምባ

እናታችሁን፣ የማይዋኝ ወንድማችሁንና ሁለት ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ ምኔምባም ቹምቤም አይደለም መልሱ። በደቡብ ምዕራብ ከፉምባ የሚነሣ የቀን ጉዞ አለ። ባለ ሸራ ጀልባ ነው። ሜናይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ከ1997 ጀምሮ የጥበቃ ክልል ነው፣ 470 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ስኖርክሉ ደህና ነው እንጂ የሚያስደንቅ አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ውሃው መሐል ብቅ ያለ የአሸዋ ክምር ላይ ይወርዳሉ፣ ጥላ ይተከላል፣ የሚዋኘው ይዋኛል፣ የማይዋኘው እግሩን ነክሮ ሐብሐቡን ይበላል። ምሳው የተጠበሰ ዓሣ፣ ሎብስተርና ኦክቶፐስ ነው። ጾመኛ ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሩዙና ፍራፍሬው እንደሆነ አይጠፋም።

ልጆችን ስኖርክል ማስተማር ያለባችሁም እዚህ ነው፣ ውሃው ወገብ በሚደርስበት። መጀመሪያ ቱቦውን ነክሰው ቆመው ይተንፍሱ፣ ከዚያ ፊታቸውን ብቻ ይድፉ። መቸኮል የለም።

ስቶን ታውን ለሚያድር

ከከተማው በቅርብ ርቀት ቻንጉ አለች፣ «የእስር ቤት ደሴት» የምትባለው። እስር ቤቱ በ1893 ተሠራ እንጂ እስረኛ አልገባበትም፤ የቢጫ ወባ ማቆያ ሆኖ ቀረ። ነገሩ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ዛሬም ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል፤ ቢጫዋን ደብተር ቤት ረስታችሁ እንዳትሄዱ። ደሴቷ ላይ በ1919 ከሲሼልስ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች ዘር አለ፣ ዕድሜያቸው ድንጋዩ ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል። ለኤሊዎቹ ሂዱ። ለስኖርክል ብላችሁ ብቻ አትሂዱ፤ ወደብ ቅርብ ስለሆነ ውሃው ብዙ ጊዜ ድፍርስ ነው።

ብዙዎቹ ጀልባዎች ይህንን ከናኩፔንዳ ጋር አያይዘው ይሸጡታል። ናኩፔንዳ ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ የሚወጣ አሸዋ ነው። ሲሞላ ይሰምጣል። እዚህ ላይ ሂሳቡ ይገለበጣል፦ ለሌላው ቦታ የምትሸሹት የባምቩዋ ረፋድ ለናኩፔንዳ ምርጥ ሰዓት ነው።

ምሥራቁና ደቡቡ

ፓጄ፣ ብዌጁና የእኔዋ ጃምቢያኒ ለነፋስ ስፖርትና ለእግር ጉዞ ናቸው። ስኖርክል ከፈለጋችሁ ባሕሩ ሲሞላ በጀልባ ወደ ውጭው ኮራል መውጣት ነው። በእግር እየሄዱ መድረስ ይቻላል የሚላችሁ ካለ ጫማ ሳታደርጉ እንዳትሞክሩት። የባሕር ጃርት ሞልቶበታል። እሾኹ ጥቁርና ረጅም ነው፣ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። እኔ ሁለቱን ይዤ አዲስ አበባ ገብቻለሁ።

ወደ ሚቻምቪ ስትቃረቡ «ሰማያዊው ላጉን» የሚሉት ቦታ አለ። ባሕሩ ሲሸሽ ጥልቀት እንደሌለው ገንዳ ይሆናል፤ ቀይና ብርቱካናማ የባሕር ኮከቦች ተዘርግተውበታል። ለጀማሪ ጥሩ ነው። አስጎብኚዎቹ ኮከቡን ከውሃ አውጥተው ፎቶ እንድትነሡበት እጃችሁ ላይ ያስቀምጡታል። አትቀበሉ። ከውሃ ውጭ መቆየት ይገድለዋል።

በደቡቡ ጫፍ ያለችውን ኪዚምካዚን በአንድ ቃል፦ አልሄድም። በ1107 የተቀረጸ ጽሑፍ ያለበትን መስጊድ ለማየት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ግሩም ነው። የዶልፊን ጉዞው ግን ጀልባዎች በሞተር ዶልፊኖቹን እያሯሯጡ ሰው ፊታቸው ላይ የሚጥሉበት ነው። እንስሳቱ ተረብሸው ይጠልቃሉ፣ እናንተ ጅራት አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

አምስትና ስድስት ቀን ትርፍ ያለው ሰው ደግሞ ዋናውን ደሴት ትቶ ወደ ፔምባ ደሴት ይሻገር። ሚሳሊ የምትባል ደሴት አለች፣ ከ1998 ጀምሮ የተጠበቀች። የሚበዛባት ሰው አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ባሕር ዳር እየተከተሉ ጉዞ የሚሸጡትን ወጣቶች የአገሬው ሰው «ፓፓሲ» ይላቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው። ስሙ ይከብዳል፣ ሁሉም መጥፎ አይደሉም። ግን ሙሉ ክፍያ ቀድማችሁ አትስጡ። ስንት ሰው እንደሚጫን፣ ላይፍ ጃኬቱ ለሁሉም እንደሚበቃ፣ ካፒቴኑ ጀልባውን ከተንሳፋፊ ማሰሪያ ላይ እንደሚያስር ወይስ መልሕቁን ኮራሉ ላይ እንደሚወረውር ጠይቁ። በመጨረሻው ጥያቄ የሚያፍር ካፒቴን ጥሩ ካፒቴን ነው።

ከቻላችሁ የራሳችሁን መነጽር ይዛችሁ ሂዱ። ሲገዙ መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ በአፍንጫ ወደ ውስጥ ሳቡ። ከተጣበቀ ልክ ነው። ጢም ያለው ሰው ውሃ ይገባበታል። ሹሩባ የተሠራች ደግሞ ማሰሪያው ከጉንጉኑ በታች እንዲያርፍ ታድርግ። እንዳይደበዝዝ ምራቅ እንትፍ ብላችሁ መስተዋቱን አሹትና በባሕር ውሃ አለቅልቁት፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ አትፈሩ። ጀርባችሁን ከፀሐይ የሚያድነው ቅባት ሳይሆን እጅጌ ያለው ቲሸርት ነው። እኛ ጠይሞች አንቃጠልም የሚለውን እኔ ጀርባዬ ነዶ በሆዴ በተኛሁባቸው ሁለት ሌሊቶች ጨርሼዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ማንም አይጠይቅም፦ ጀልባው መሰላል አለው ወይ? የመጀመሪያው ጀልባዬ አልነበረውም። አንድ ሰዓት ተንሳፍፌ፣ ክንዴ ዝሎ፣ የጀልባውን ጠርዝ ይዤ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ተመልሼ ወደቅሁ። በመጨረሻ ሁለት ልጆች ብብቴን ይዘው እንደ ጤፍ ጆንያ ገልብጠው ወለሉ ላይ ጣሉኝ። አጠገቤ ለምሳ የተያዘው ዓሣ ነበር። እኩል እያለከለክን ተያየን።